እናቴ የቀበረችው ፕሪም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

ድሮ ቤታችን ተከራይታ የነበረችው ጃፓናዊት መምህርት ዩኪ በጨው የተዘፈዘፈ ፕሪም በሁለት ጠርሙስ ላከችልኝ። አንዱ ጠርሙስ ማር አለው፣ ሌላው ጨው ብቻ ነው። ምሳ ላይ ሁለቱንም በቆጮና በጎመን በላሁ። ማር ያለው ይጣፍጣል፤ ጨዋማው ዓይን ያስጨፍናል።

ያኔ ለእናቴ የሰጠቻት ጨዋማውን ነበር። እናቴ ቀምሳ፣ "ልጄ፣ ይሄ ገና አልደረሰም" አለቻትና በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ጓሯችን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከሚብላላው ቆጮ ጋር ቀበረችው። ዩኪ በየሳምንቱ "እማማ፣ ደረሰ?" ትላለች። "ታገሺ" ትላታለች እናቴ። ሳይወጣ ዩኪ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከምሳ በኋላ የተረፈኝን ጨዋማ ፕሪም በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጉድጓዱን እናቴ የሞተች ዓመት ራሴ እንደደፈንኩት ትዝ ያለኝ እዚያ ከቆምኩ በኋላ ነው።