አባዬ የሚቀመጥበት በር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ትጮኻለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለ ቤቱን ይረብሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ጉልበቷ ዳገቱን አልወደደውም እንጂ ምላሷ እንደምታውቀው ነው፣ አልደከመም። አባዬ ያስላል። ሳሉን ደህና ነን ከምለው ውስጥ አላስገባሁትም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። እዚያ ከተማህ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ አገሩ ሁሉ ባለሀብት ፍለጋ ጠረጴዛ ዘርግቶ በተቀመጠበት፣ የኛን ሐይቅ አየሁ አልክ። ብሮሹሩን ስታነሳ ሽፋኑ ላይ ቤታችን፣ ሰማያዊው በራችን፣ በሩ ሥር ደግሞ አባዬ መረቡን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሰው መሐል ቆሜ አለቀስኩ ብለሃል። ይሄኔ ነው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፣ ክፍሌን አዘጋጁልኝ፣ ትንሹም እንደኔ በመስኮት ወደ ውኃው ይዘላል ብለህ የጻፍከው።

ወንድሜ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብህም። ቤቱ የለም። አንተ ያየኸው ፎቶ የቆየ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ ዓመት አለፈው። ይህን ያህል ጊዜ ለምን ደበቃችሁኝ እንደምትል አውቃለሁ። አባዬ ነው የከለከለን፤ በሰው አገር ላለ ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ አይላክም ብሎ አፋችንን አስያዘን። አሁን ሳላስፈቅደው ነው የምጽፍልህ። ምክንያቱም ሳታውቅ መጥተህ ክው ብለህ እንድትቀር አልፈልግም። ደግሞም ካንተ በቀር የሚሰማው ሰው ስለሌለ፣ አባዬን ከዚያ ከውኃው ዳር አንስተህ ወደኛ እንድታመጣልኝ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ሪዞርት ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ገና ወሬ ነበር። ከዚያ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ተከፈተ፣ ኃላፊም ተሾመለት፣ እኔም ለእንግዶች ውኃና ሻይ አቅራቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኃላፊውን ሰፈሩ ሁሉ ባለ ካርታው ይለዋል። የተጠቀለለ ካርታ ብብቱ ሥር ሳይዝ ታይቶ አያውቅም። እማዬ አቅፎት ነው የሚተኛው ትላለች። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። አገሩን ይወዳል፣ እንቅልፍም የለው። ችግሩ ባለሀብት ማለት ምን የሚወድ ፍጥረት እንደሆነ ከማንም ሳይጠይቅ እሱ ራሱ አውቆት ማደሩ ነው።

ባለሀብት ሊመጣ ዋዜማው ላይ ልምምድ ይደረጋል። ባለ ካርታው መኪናው ውስጥ ይገባና እስከ መታጠፊያው ሄዶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ባለሀብት ሆኖ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አማርኛውንም ሰባብሮ። እኛ አይተነው እንደማናውቅ ሆነን መቀበል አለብን። አንድ ጊዜ ውኃ ሳቀርብለት በዚያ በተሰባበረ ድምፁ ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰውዬው ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርስልኝ ሰው ነው! ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ታዲያ እንዲህ እየተንጎራደደ ዓይኔን አደናቀፈኝ ያለውን ነገር በጣቱ ያመለክታል። ያመለከተው ነገር ሳይመሽ ይነሳል።

መጀመሪያ የተነሳው የልብስ ማስጫ ገመዳችን ነው። ሳቅንበት፤ ልብሱን ጓሮ አሰጣን። ቀጥሎ መረቦቹ ይሸታሉ ተባለ። ቀጥሎ ዳር ላይ የተደፉት ጀልባዎች። ከዚያ ውኃው ጥርት ብሎ እንዲታይ ማጥመድም ቀረ። ባለሀብቶቹ ይመጣሉ፣ ያደንቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ የቀረበውን ይበላሉ፣ ከዚያ ውኃ የበላቸው ይመስል ድምፃቸው ይጠፋል። አንዳቸው በቀሩ ቁጥር ባለ ካርታው ዓይን የሚያደናቅፍ ነገር ገና አልጨረስንም ይላል። በመጨረሻ አንድ የልምምድ ቀን ደጃችን ላይ መጥቶ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ከኛ ቤት ጀምሮ እስከ መረብ ሠሪው ቤት ድረስ ያለውን በሙሉ በጣቱ አሳየ።

ማንም አልገፋንም፣ አልተሰደብንም። ኮረብታው ላይ የቆርቆሮ ቤት ከነቧንቧው ሰጡን። ሪዞርቱ ሲከፈት ደግሞ አባዬ የእንግዶች ጀልባ ካፒቴን ይሆናል፣ ኮፍያም ይሰፋለታል ተባለ። አመነ። የሰጡት ተስፋ ደስ ይል ነበራ! ቤቱ የፈረሰ ዕለት ሌላው ሰው ዕቃ ሲያሸክም እሱ ሰማያዊውን በር ከማጠፊያው ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። መረብ ሠሪው በሱ ዓሣ ልታጠምድበት ነው ወይ ብሎ አሾፈበት፤ አባዬም ሳቀ። እማዬ ዞራ አላየችም። በሩ ከአዲሱ ቤት ጓሮ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ፣ እማዬም እርጥብ ልብስ ታሰጣበት ጀመር።

ከዚያ ረጅሙ ሰውዬ መጣ። ባለ ካርታው ይሄኛው እውነተኛ ነው፣ በእጃችን ገብቷል ብሎ ነበር። ዳሩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ፣ ሰው የሚባል ሳይታይበት፣ እኔ ብቻ ትሪዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ከመኪና ሲወርድ ያንን አንተ ያየኸውን ብሮሹር በእጁ ይዟል። ከፍ አድርጎ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ወደ ግራ አዞረው፣ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው። ከዚያ በአስተርጓሚው ይህ ቤት የቱ ጋ ነው ብሎ ጠየቀ። ባለ ካርታው ደረቱን ነፍቶ ለልማቱ አንስተነዋል አለ። ሽማግሌውስ አለ ሰውዬው። እሱም ተነስቷል ተባለ። መረቦቹስ፣ ጀልባዎቹስ፣ ያ የተሰጣው ልብስስ እያለ ሁሉንም ጠየቀ። ወንድም ጋሼ፣ የኛን ልብስ እኮ ነው! ሰውዬው ባዶ ዳርማ በየትም አገር እገዛለሁ፣ እኔ የመጣሁት ውኃ ዳር የሚኖር ሰው አይቼ ነው አለ። ውኃዬን ጠጣ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። በዚያው ቀረ።

ባለ ካርታው ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ካርታውን አልያዘም። እንዲያ ሆኖ ሳየው፣ አንጀቴን በላኝ ብልህ ታምናለህ? ከዚያ ግን መላ አገኘሁ ብሎ መጣ። ቤቱ ይመለሳል አለ። እኛም እውነት መስሎን እልል ልንል ነበር። አናጢው ተጠርቶ ሥራው ሲያልቅ ወርደን አየነው፤ የፊት ግድግዳው ብቻ ነው። በጀቱ የሚበቃው ለሚታየው ወገን ነው ተባለ። ከኋላ በእንጨት ተደግፎ የቆመ ግድግዳ፣ መስኮቱ ያንተ ክፍል መስኮት፣ ቀለሙ ቁርጥ ያንን ፎቶ። የቀረው በሩ ነበር፣ እሱን ደግሞ አባዬን ለመኑት። በዕለት ደመወዝ ከበሩ ሥር እንዲቀመጥም አብረው ለመኑት።

የመጀመሪያ ቀን ሞቼ ነው ቆሜ አለ። በማግሥቱ ግን ማንም የሰው እጅ አይነካውም፣ እኔው እሰቅለዋለሁ ብሎ ተነሳ። እማዬ በቁምህ ለራስህ ለቅሶ ልትቀመጥ ነው አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ውኃው አልወረደችም፣ እሱንም ከአስፈላጊው በላይ አታናግረውም።

አሁን ዘወትር ጠዋት ይወርዳል። መረቡ ዓሣ ስለማይነካው አይቀደድም፤ ስለዚህ እሱው ራሱ ይቀደውና እሱው ይጠግነዋል። እንግዶች ይመጣሉ፣ እኔ ትሪዬን ይዤ ከኋላቸው እቆማለሁ፣ እሱ እንደማያውቀኝ ይሆናል። ማን ይኖርበታል ብለው ይጠይቁታል። ልጄ ይላል። መጀመሪያ ጊዜ ሲላት የሰማሁ ዕለት ዕንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ክፍሌን አዘጋጁልኝ ያልከው ጋ ስደርስ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። በማግሥቱ የድሮ የብረት አልጋህ ከቤት ጠፋ። ፍለጋ ብወርድ ከግድግዳው ኋላ ዘርግቶት፣ አንሶላ አልብሶት፣ ከላይ ላስቲክ ወጥሮለት ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ከላስቲኩ በላይ ሰማይ ብቻ ነው ጣሪያው። አበድኩ መሰለሽ አይደል፣ ጣሪያ እንደሌለው መች አጣሁት አለኝ። ድሮም እናትሽን ሳገባ ግድግዳ ብቻ ነበር፣ ቀስ እያልኩ ነው ቤት ያደረግሁት፣ እስኪመጣ ትንሽ ትንሽ እጨምርበታለሁ አለኝ። ባለ ካርታው ደግሞ አልጋው ከጎን ሲያዩት ዓይን ያደናቅፋል አለ። አባዬ በሕይወቱ ለሹም ክፉ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ እንግዲያው ከጎን አትመልከቱ አለው!

እንግዲህ ፍርሃቴ ይሄ ነው። ከሰሞኑ እዚያው ማደር ጀምሯል። ዝናቡ ገብቷል፣ ሳሉም ከደረቱ እየወረደ ነው። ሐኪም ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ይህ ሰው እርጥብ ላይ ማደሩን ካልተወ ክረምቱን አይወጣውም ብላ በግልጽ ነግራናለች። እኔ ለመንኩት፣ መረብ ሠሪው ለመነው፣ እማዬ እንኳን ቂሟን ውጣ ሰው ላከችበት። ልጄ መጥቶ ክፍሉን ሳያይ አልነሳም ብሏል። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። አባታችን ሥዕል ሲጠብቅ እንዳይሞትብኝ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አትጠብቅ። ልጆቹ ይቆዩ፣ አንተ ና። ባለ ካርታው መምጣትህን ሰምቶ ገንዘብ ይዞ ይመጣ ይሆን ብሎ ጠይቆኛል፤ የወገብ ሕመም ይዞ ይመጣል አልኩት። ስትደርስ አባዬን አትቆጣው፣ ይሄ ምንድነው አትበለው። በሩን እሱ ይክፈትልህ። በበሩ ግባ፣ በጎን እንዳትዞር። አልጋው ላይ ተቀመጥና ክፍሉ አማረልኝ በለው። ከዚያ በረደኝ በለው። ለራሱ ሳል ብሎ አንድ እርምጃ አይነሳም፤ ልጁን በረደው ከተባለ ግን አንተን ደግፎ ዳገቱን እንደሚወጣ እንደ ስሜ አውቃለሁ። እኛ እላይ እሳት አንድደን እንጠብቃችኋለን።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ይቅርታም ጠይቅልኝ፣ ባልሽን ቀድሜ ነጠቅሁሽ በላት። ለትልቋ በአዲሱ ጥርሷ የምትሰብረው ለውዝ አስቀምጬላታለሁ። ለትንሹ መስኮቷ አለች በለው፤ የሚዘለለው ግን ወደ ደረቅ መሬት ነውና ሲያድግ ይምጣ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ አትክሳ ብላሃለች፣ ስትመጣ ወፍራም ሹራብ ያዝ ብላሃለች፣ ሹራቡ ላንተ እንዳልሆነ ይገባሃል። መረብ ሠሪው ይምጣና ላሹፍበት ብሏል፣ የሚያሾፍበት ሰው አልቆበታል። ልጄም አጎቴ አጎቴ እያለች ነው።

አባዬ ደብዳቤ ስጽፍ አላየኝም፤ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስወርድ ግን ለወንድምሽ የምትጽፊለት ቀን አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሏል። የአልጋውን ራስጌ ወደ መስኮቱ ላድርገው ወይስ ወደ በሩ ነው ያለው። መልሱን ቶሎ ላክልኝ፤ በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ የምለው አጣሁ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከኮረብታው ሰፈር፣ ከእማዬ ማድቤት ደጃፍ
ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት