ከሁለተኛ ክፍል የተዋስናቸው ልጆች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ራሴን ተጸየፍኩት።

የማስተምራቸው የኦ ክፍል ሕፃናት፣ ገና አንደኛ ክፍል ያልገቡት የስድስት ዓመት ልጆች፣ ፊደል መለየታቸውን ሊያዩ ገምጋሚዎች እንደሚመጡ ተነግሮን ነበር። ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና፣ «ያንቺዎቹን ወደ ቤት ሸኚያቸው። ከሁለተኛ ክፍል ጎበዞቹን፣ ደቃቃ ደቃቃዎቹን መርጠሽ አስገቢ» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። መረጥኩ።

ልጆቹ በትንንሾቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ድረስ መጥቶ ተቀመጡ። የጻፍኩትን ሁሉ ሳይሳሳቱ አነበቡ። ከገምጋሚዎቹ አንዲት ሴት አንዷን ልጅ፣ «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለቻት።

«ዘጠኝ» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ እኔን አየችኝ፣ ርዕሰ መምህሩን አየችው፣ ከዚያ ፈገግ ብላ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ሲወጡ ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አኮራሽን» አለኝ። እጁ ያረፈበትን ልብሴን አውልቄ መጣል አሰኘኝ።

ቀትር ላይ ስወጣ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትንሿ ዘይነባ ከእናቷ ጋር ከአጥሩ ውጪ ተቀምጣለች። ጠዋት ከመለስናቸው ጀምሮ ወደ ቤታቸው አልሄዱም።

«አብሽሪ፣ ነገ ትገቢያለሽ ብላት እምቢ አለችኝ» አለች እናቷ። «እነሱ ሲያነቡ እየሰማች እዚህ ሆና አብራ ስትል ነበር። መምህርት፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው የመለሳችኋት?»

«ምንም አላጠፋችም።»

«እንግዲያ እርስዎ ይንገሯት። እኔን አላምን አለችኝ።»

ጎንበስ አልኩ። ዘይነባ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።