ስለ ሸለሙኝ የምስጋና ወረቀትና ስለ ሀምዲያ ፎቶግራፍ

ይድረስ ለክቡር ሐጂ አብዱረሺድ፣
የ«ረፊቅ» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
ጃሚዓ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ከባለፈው የአባላት ስብሰባ ወዲህ የደም ግፊትዎ ትንሽ ከፍ ብሏል ሲባል ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መድኃኒትዎን ከዋጡ በኋላ፣ ተደላድለው ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለእርስዎ ብቻ መላክ የሚገባኝን ቃል ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ማውጣቴ ነውር መስሎ እንዳይታይዎ፤ እርስዎም ያመሰገኑኝ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስለሆነ ምስጋናዎን በዚያው ልክ መመለስ ይገባኛል ብዬ ነው። ጅዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ አማርኛን ከቤት የለቀምኩ በመሆኔ ጽሑፉን የማኅበራችን ጸሐፊ ዘሀራ አርማልኛለች። ስሕተቱ በሙሉ ግን የእኔ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጣሉብኝ እምነት አመሰግናለሁ። ድረ ገጽ መሥራትን በኢንተርኔት በዐረብኛ ትምህርት የተማርኩ፣ ከዚያ በፊት የአንድ ልብስ ሱቅ ገጽ ብቻ ሠርቼ የማውቅ መሆኔን እያወቁ «የሹፌሩ የበድሩ ልጅ ትበቃናለች» ብለው የማኅበሩን ድረ ገጽ ሰጡኝ። ምን እንዲወጣበት እንደሚፈልጉም በግልጽ ነገሩኝ፤ የእርስዎ ፎቶ ከላይ፣ የእርስዎ መልእክት ከሥሩ፣ ከእንግዶች ጋር የተጨባበጡባቸው ፎቶዎች በጎን። ማኅበሩ የሚረዳቸው ሴቶች ጉዳይ የት ይግባ ብዬ ስጠይቅዎ «እሱ ቦታ ከተረፈ» ብለውኝ ነበር። ሐጂ፣ ቦታ ተርፎ ነበር። ሳልፈልግ አስገባሁት።

ለማያውቁን አንባቢዎች ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ከካርጎ ሱቁ በላይ ወዳለችው አንዲት ክፍል ቢሯችን ከአሠሪ ማዳሞቻቸው ቤት ወጥተው መጠጊያ ያጡ የአገራችን ሴቶች ይመጣሉ። ዘሀራ ታስቀምጣቸዋለች፣ የደረሰባቸውን ሰምታ ትጽፋለች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማቸውንና መልካቸውን ፎቶ ታነሳለች፣ ለጊዜው የት እንዳረፉም ትይዛለች፤ ድንገት ድምፃቸው ቢጠፋ መፈለጊያ እንዲሆን ነው። ይህ ሁሉ በቢሮው ኮምፒውተር፣ «ማኅበር» በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ «አቤቱታ» በሚል ስም ይቀመጥ ነበር። እኔም ድረ ገጹን የሠራሁት በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። የእርስዎ ፎቶዎች እዚያ ስለነበሩ ቀለለኝ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ሲሆን የእርስዎ እጅ የለበትም።

ከሴቶቹ አንዷ ሀምዲያ ነበረች፣ የከሚሴ ልጅ። ጅዳ ከተቀጠረችበት ቤት ማዳሟ ፓስፖርቷንም ስልኳንም ይዛባት፣ ከበር እንዳትወጣ ከልክላት ኖራ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል እንደወጣች አልተመለሰችም። ከፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት አሠሪ፣ «ጠፍታለች» ብሎ ለመንግሥት አመለከተ። ዘሀራ በጅዳና በመካ መሐል ባለችው ባሕራ የምትኖር ረሕማ የምትባል ወዳጇ ዘንድ፣ ከጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ባለች ክፍል አስጠጋቻት። በዚህ መሐል መካ፣ ዛሂር ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሊቀጥሯት ፈለጉ፤ ወደ እሳቸው ለመዛወር የሚያስፈልገው ወረቀትም ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኔ ገጹን ስሠራ ሀምዲያ ለጉዳይዋ ስትመጣ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። «አሮጊቷን ላያቸው ሄጄ እግራቸውን ቅባት ስቀባላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ያኔ ነው የወደዱኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ታላቁ መስጊድ ሐረም ከዛሂር ሩቅ አይደለም፣ ጁሙዓ ጁሙዓ እሄዳለሁ ትል ነበር። አንድ ቀን ወደ ስክሪኑ እያየች «ይሄ ሲያልቅ አገር ቤትም ይታያል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እየኮራሁ፣ ዓለም ሁሉ ያየዋል አልኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ማበረታቻ ስልክዎ አመሰግናለሁ። ድረ ገጽ ተሠርቶ ቢያልቅም ከተሠራበት ኮምፒውተር ውጭ የሚያየው የለም፤ ሰው እንዲያየው ፋይሎቹ በኪራይ ወደያዝነው ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ለጠየቀው ሁሉ ወደሚያሳይ ሌላ ኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት መላክ አለባቸው። ለዚህ ጸጥ ያለ አንድ ቀን እንደሚያስፈልገኝ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን እንግዶችዎን ኢስቲራሓ የሚባል የግብዣ ግቢ ተከራይተው ሰብስበው፣ ትልቅ ስክሪን አስተክለው፣ ገጹ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እንዲከፈት ወስነዋል። ቢሮ ብቻዬን ተቀምጬ የገጹን ፋይሎች ከሌሎቹ እየለየሁ ስመርጥ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የት ደረስሽ?»

«እየለየሁ ነው ሐጂ።»

«ምኑን ነው የምትለዪው? ያላ፣ ያለውን ሁሉ ላኪው፤ እንግዳው ተቀምጧል።»

ያለውን ሁሉ ላክሁት።

እዚህ ላይ ብቆም ደብዳቤዬ ያምርልኝ ነበር፤ ጥፋቱም በእርስዎ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር። ነገር ግን የሚላኩት ፋይሎች ስም በስክሪኑ ላይ እየተከታተለ ሲያልፍ አይቻለሁ። የእርስዎ ፎቶዎች አለፉ። ከዚያ «አቤቱታ» የሚለው መጣ፣ ከዚያም የሴቶቹ ስም፣ ዘሀራ ከኢቃማቸው ላይ በዐረብኛ እንደገለበጠችው፣ ተራ በተራ አለፈ። የሀምዲያንም አየሁት። ማቆም እችል ነበር። ባቆመው ግን እንደገና መጀመሬ ነው፣ እርስዎም እንደገና ሊደውሉ ነው። ደግሞም ለምን እዋሻለሁ፣ አባቴ የልጁን ሥራ በትልቅ ስክሪን ሊያይ ከእንግዶቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። ከግብዣው በኋላ አጠፋዋለሁ፣ እስከዚያ ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት።

ገጹ ሲከፈት ተጨበጨበ አሉ። እኔም በኋላ ደርሼ የሩዝና የሥጋ መንዲ በላሁ፤ አባቴ በየሰው ፊት ትከሻዬን እየያዘ «የሠራችው ይቺ ናት» ሲል ራሴን ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልኩ። በማግሥቱ ከምሠራበት ክሊኒክ ሆኜ ነገሩ ትዝ አለኝ፤ ማታ አጠፋዋለሁ አልኩ። ማታ ደከመኝ፤ ኸላስ፣ በቃ ነገ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ነገሩ ትዝ የሚለኝም እየራቀ ሄደ።

ሦስተኛውን ምስጋና ልጽፍ ስል ቁጥሩ ጠፋብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚህ በኋላ የሆነውን ዝም ብዬ ልንገርዎ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረሕማ ከባሕራ ለዘሀራ ደወለች። የሀምዲያ ማዳም ልጅ ከፖሊስ ጋር መጥቶ በሯን አንኳኩቶ ሀምዲያን ይዘዋት ሄደዋል። ረሕማ እዚህ የለችም ብላ ልትክድ ስትሞክር ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። «ዘሀራ፣ ፎቶው ከኋላው የእናንተ ቢሮ አረንጓዴ መጋረጃ አለበት። የእኔም ቤት ከሥሩ ተጽፏል፣ ጎማ ቤቱ ሳይቀር» አለቻት። ልጁ ያደረገው የሠራተኛዋን ስም ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መፈለግ ብቻ ነው። እኔ የላክሁት ፎልደር ለመጣው ሁሉ የሚከፈት ነበር።

ዘሀራ ክሊኒክ ድረስ መጣች። አልጮኸችብኝም። «ሚስኪ፣ ያን ቀን ምን ምን ነበር የላክሽው?» አለችኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁና «አቤቱታ» የሚለውን አጠፋሁት። ሻይ ለመቅዳት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ያን ሁሉ ቀን ያላገኘሁለት ጊዜ ይህ ነበር።

ሀምዲያ ተርሒል እስር ቤት ሆና፣ አገሯ ልትላክ ተራ ስትጠብቅ፣ ከሌላ ሴት በተዋሰችው ስልክ ደወለችልኝ። ማን እንዳስያዛት አታውቅም። «ሚስኪዬ፣ አንቺ ዐረብኛሽ ጥሩ ነው፤ ለዛሂሯ ሴትዮ ደውለሽ ንገሪልኝ። ዋሽታኝ ቀረች እንዳይሉኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለአሮጊቷ ደወልኩ፤ አለቀሱ። ለሀምዲያ ግን የዚያን ዕለት መናገር ያለብኝን ሳልናገር ስልኩ ተዘጋ። ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አፌ እንቢ አለኝ።

ክቡር ሐጂ፣ ከዚህ በኋላ ያደረጉልኝን ውለታ አልረሳም። ወደ ቤትዎ መጥቼ ሁሉንም ስነግርዎ ረጋ ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም «የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ። እኔ በሀምዲያ ስም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። ሀምዲያን ሳያስቸግሩ በስሟ ይቅርታ ማድረግዎ ምንኛ ትልቅ ልብ እንዳለዎት ያሳያል። ሌሎቹን ሴቶች እንንገራቸው፣ ፎቶአቸውና ያረፉበት ቤት ታይቷል ብል፣ «አታስደንግጫቸው፤ የማኅበሩንም ስም አታጥፊ» ብለው ከለከሉኝ። በአባላት ስብሰባም ተነሥተው፣ እድገታችን ያስቀናቸው ሃከሮች ድረ ገጻችንን እንደወጉት፣ እኔም ተዋግቼ እንዳዳንኩት አስረዱ። «ማኅበራችንን ለዓለም ላስተዋወቀች ብርቱ ወጣት» የሚል፣ የተለበጠ የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። በእጄ ተቀብያለሁ። ፎቶም ተነሥቻለሁ። ዘሀራ ከኋላ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ሃከር የሚባል እንዳልነበረ የምናውቀው እሷ፣ እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን፤ ሦስታችንም ዝም አልን።

በሚቀጥለው ሳምንት ሀምዲያ አገሯ መግባቷን ሰምቼ ከሚሴ ደወልኩ። እናቷ አንሥተው አቀበሏት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ስሟ ሲያልፍ ማየቴን፣ ማቆም መቻሌን፣ ነገ ነገ ማለቴን። ከኋላዋ ከብት የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ይቅር አላለችኝም፣ እኔም ይቅር በዪኝ ለማለት አልደፈርኩም።

«የሌሎቹስ ወርዷል?» አለችኝ።

«ወርዷል።»

«ነግራችኋቸዋል?»

አልነገርናቸውም አልኳት።

«እኔን በጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ ከረሕማ ቤት እወጣ ነበር» አለች። ከዚያ፣ «ስሜን ጽፈሽ ንገሪያቸው። እኔን ከእንግዲህ ማን ይይዘኛል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከእርስዎ ይልቅ ለእነርሱ ነው፤ እርስዎን የጠራሁት ሰው እንዲያነበው ብዬ እንደሆነ አልደብቅዎም። እህቶቼ፣ ጃሚዓ ቢሯችን መጥታችሁ ፎቶ የተነሣችሁ ሁሉ፣ መልካችሁ፣ ኢቃማችሁና ያረፋችሁበት ቤት ከእንግዶቹ ግብዣ ጀምሮ ሀምዲያ እስከተያዘችበት ቀን ድረስ ለፈለገው ሁሉ ይታይ ነበር። እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ አይቶ ያስቀረው ሰው ካለ ግን ከእሱ ስልክ ላይ ላጠፋው አልችልም። ማረፊያችሁን ቀይሩ። ረሕማ ቀይራለች። የምትሄዱበት ከጠፋችሁ ለዘሀራ ደውሉ፤ አዲሱን ቦታችሁን ከእንግዲህ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አትጽፈውም። ያደረገው ሃከር አይደለም። እኔ ነኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የተስተካከለ የደም ግፊት እየተመኘሁ፣ የሰጡኝን የምስጋና ወረቀት ለሌላ ብርቱ ወጣት ቢያገለግል ብዬ ከዚህ ደብዳቤ የወረቀት ግልባጭ ጋር በአክብሮት መመለሴን አስታውቃለሁ። ስሜን በነጭ ቀለም ቢያስጠፉት ሌላ ስም ለመጻፍ ይበቃል።

ያላግባብ ተመስግና ዝም ያለችው፣
ሚስከር በድሩ፣
ጃሚዓ፣ ጅዳ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ድረ ገጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የእርስዎ ፎቶ በነበረበት ቦታ ተጭኗል። በዚህ ጊዜ የላክሁት አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ከመላኬም በፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለማውረድ ባለሙያ ማፈላለግዎ እንደማይቀር አውቃለሁ። እንዳይደክሙ፤ የይለፍ ቃሉን የያዘችው ዘሀራ ናት፤ የመጨረሻዋ ሴት ደውላ «ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ» እስክትላት ድረስም ለማንም አትሰጥም። ክቡርነትዎ ገጹ ቶሎ እንዲወርድልዎ ከፈለጉ ሴቶቹን በመፈለግ ሊያግዟት ይችላሉ።