የእኔ ስኳርና የአስቴር ስኳር

ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጉለሌ

አይ፣ ልጅቷን ስኳር የያዛት እኔ ከረሜላ አብልቻት አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮኝ የለ፣ ልጻፈው።

እኔም ስኳር አለብኝ፣ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ አስቴርም አለባት። በሽታው አንድ መስሎኝ፣ በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ቢያሳዝነኝ፣ ከነገ ጀምሮ ከኪኒኔ ገምሼ ልሰጣት ነበር። ዛሬ ክሊኒክ ወስጃት ይህንኑ ለነርሷ ብነግራት ደነገጠች።

«እማማ፣ የእርስዎ ሰውነት ኢንሱሊን ይሠራል፣ ግን ሰንፏል፤ ኪኒኑ ይቀሰቅሰዋል። የሷ ጭራሽ አይሠራም፤ በመርፌ የምትወስደው እሱኑ ነው። መርፌውን ካቋረጠች ትሞትብዎታለች።»

«የኔን ስንፍናማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሳንወጣ ግን አንድ ነገር አለችኝ። በደንብ ከተወጋች ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። ይቺን ቃል እስከ ቤት ድረስ ይዣት መጣሁ።

መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ብልቃጡን ደጃፍ ጥላው ስር፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ አስቀመጥነው። አስቴር ታዲያ፣ «እማዬ፣ እኔን እኮ ብዙም አያመኝም፤ ዓይንሽን የምትጨፍኚው አንቺ ነሽ» አትለኝም? እውነቷን ነው። እስካሁን የምትወጋት እናቷ ነች። ዛሬ ማታ እኔ እወጋታለሁ ብያለሁ፣ ዓይኔን ገልጬ።

ይኸው ከደጃፍ እየጠራችኝ ነው። ብልቃጡን አውጥታ እየጠበቀችኝ ነው፤ ልሂድ።