ለግራ እጅህ የመረጥነው ሴፍቲ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በቤተ ክርስቲያን አሳስበናል። ሰዉም በልቶ ጠጥቶ፣ አንተን እያነሳ ሥቆ፣ መልሶ ደግሞ አልቅሶ ተበትኗል። እኔ ብቻ ነኝ አንድ መስመር እንኳን ሳልጽፍልህ የቆየሁት። ስንፍና እንዳይመስልህ። ልመልስልህ የሚገባኝ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ለመጻፍ ወኔ አጥቼ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ አንተ ወሬ ሳትሰማ ቁም ነገር አይገባህም። እማዬ ደህና ናት። ዋይትሆል ሰፈር ያለውን ቤት አልለቅም ብላ ድርቅ ብላለች። ክሊንተንቪል እኔ ጋ መጥተሽ ኑሪ ብላት፣ "እዚያ ሰፈር ሰዉ ውሻ እንጂ ሰው ሰላም አይልም" ብላ አፌን አስያዘችኝ። ደግሞ ጉድ ልንገርህ፣ ሃይዌይ ላይ መንዳት ጀምራለች! ሃያ ዓመት ሙሉ አንተን ሾፌር አድርጋ የኖረችው ሴትዮ፣ አሁን ብቻዋን ኦቤትስ ድረስ ሄዳ ለቅሶ ትደርሳለች። በቀኝ መስመር፣ በአርባ ማይል፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክስ እያንባረቀባት። እሷ እቴ፣ ሰላም እያሏት ነው የሚመስላት።

ጠመንጃህ እኔ ጋ ናት። ቁም ሳጥን ውስጥ ባለው የብረት ሳጥን ተቆልፎባት፣ ጥይቷ ሌላ ክፍል፣ ልክ አንተ እንደምታስቀምጣት። እሷን በተመለከተ ነው ባለፈው ወር ጋሼ ተፈራ የደወለልኝ። ያው የመጋዘን ሥራ ጓደኛህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ስትተኩሱ ሲሸነፍ ነፋሱን የሚወቅሰው። "ሰኒ፣ ያንን ኦሪጅናል ሴፍቲ መልሺላት እንጂ! አባትሽ ሲገዛት እንደነበረች ትቀመጥ። ኮል አድርጊኝና መጥቼ ፊክስ አደርግልሻለሁ" አለኝ። ለመታሰቢያህ አስቦ ነው። እኔ ግን እሺም እምቢም ሳልለው ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ሲብላላብኝ ከረመ።

ለጋሼ ተፈራ ቀላል ነው። ሴፍቲ ትንሽ ብረት ናት፤ በአንድ በኩል ስትገፋ ቃታውን ትቆልፈዋለች፣ በሌላው ስትገፋ ትለቀዋለች፣ በቃ። ፋብሪካው መግፊያዋን የሠራት በግራ ጎን፣ የቀኝ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ነበር። እኛ ቀየርናት። በምን ምክንያት እንደቀየርናት እሱ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስትሮኩ ቀኝ ጎንህን የወሰደብህን ሰሞን ታስታውሳለህ? ከሁሉ የከበደህ መራመዱ አልነበረም፣ መብላቱ ነበር። እንግዳ ሲመጣ "አልራበኝም" ትላለህ። ሰው ፊት በግራ እጅህ ከምትጎርስ ጦምህን ብታድር ትመርጣለህ። አንድ ቀን አንጀቴን በላኸውና አጠገብህ ተቀምጬ እኔም በግራዬ መብላት ጀመርኩ። እማዬ "በስመ አብ! ሁለታችሁም?" ብላ ጮኸች። አንተ ሣቅክ፤ ከሆስፒታል ከወጣህ የመጀመሪያ ሣቅህ ነበር። እኔም በዚያው ሥጋውን ከአጥንት በአንድ እጅ እንዴት እንደምትለይ አሳየሁህ። ግራ እጅ ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኛ።

ከዚያ ነሐሴ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ለመንከኝ። አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዒላማ መተኮስ። እጅ እግርህን እንቅስቃሴ የምታሠራህ ባለሙያ ሴትዮ ተቀምጠህ፣ ጠመንጃዋም መደገፊያ ላይ አርፋ ከሆነ ችግር የለውም አለች። እኔም ቃል ገባሁልህ። ባዶዋን አምጥቼ፣ ሦስቴ ከፍቼ አሳይቼህ፣ የእማዬ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። በግራ ትከሻህ አስጠጋሃት፣ ቀኝ ዓይንህን ጨፈንክ፣ ሁሉም አማረ። ሴፍቲዋ ግን ከወዲያ ማዶ ቀረች። አውራ ጣትህን ለማዞር መያዣዋን ስትለቅ አፈሙዟ ይዘነብላል፣ ስትይዛት ጣትህ አይደርስም። ደጋግመህ ሞከርክ፤ ላብ አጠመቀህ።

እኔ ሞኟ "እኔ እከፍትልሃለሁ፣ አንተ ተኩስ" አልኩ። እንዴት እንዳየኸኝ! "ሴፍቲውን ሰው የሚከፍትለት ሰው ጠመንጃ ባይነካ ይሻለዋል" አልክ። ድሮ ወታደር ቤት የተማርከው አንዱም አልለቀቀህም።

ስለዚህ ለግራ እጅህ የሚመች ሴፍቲ ፍለጋ ወጣን። ከሃይ ስትሪት ወጣ ብሎ ያለው የጠመንጃ ዕቃ ሱቅ ስንሄድ ያደረግከውን መቼም አልረሳውም። ለሻጩ ካርድህን በግራ እጅህ አቀበልከውና "ሶሪ፣ ሌፍት ሃንድ" አልከው። ሰውየው ለምን ይቅርታ እንደተጠየቀ ግራ ገብቶት አንዴ አንተን አንዴ ካርዱን ያያል። እኔ ሣቄም ዕንባዬም አብሮ መጣ፣ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

የመጀመሪያው የገዛነው በሁለቱም ጎን እኩል ረጅም መግፊያ ያለው ነበር። ቤት ወስደን ስንሞክረው፣ በቀኝ ጎን ያለው ለአውራ ጣትህ ተመቸ፤ የግራው ግን የጠቋሚ ጣትህን ሥር እየፈተገ አቀላው። "ሪተርን አድርጊው" አልክ። ሁለተኛው አጭር ዙር የሚበቃው ነው፤ ግማሽ መንገድ ሲሄድ ይከፈታል። ለደከመ ጣት እሱ ይሻላል ብዬ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ብልጥ ሆኜ። አንተ ግን ብረቷ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አይተህ ጭንቅላትህን ነቀነቅክ። መግፊያው ተከፍቶ ሳለ የሚያመለክተው ሌላ ቦታ፣ "ተኩስ" የሚለው ጽሑፍ ያለው ሌላ ቦታ። "ዓይኔ አንድ ነገር፣ ጣቴ ሌላ ነገር ሲለኝ አልወድም። ደግሞ ይሄ የደነዘዘ ጣቴ መቆለፉን በደንብ ካልተሰማው ምን ዋጋ አለው?" አልክ። አሳፈርከኝ፤ ልክ ነበርክ።

ሦስተኛው ላይ ተስማማን። ሙሉ ሩብ ዙር የሚሄድ፣ ሲቆለፍ "ቀጭ" የሚል፣ በቀኝ በኩል ረጅምና ሸካራ፣ በግራ በኩል ጠፍጣፋና ትንሽ፤ ጣትህን የማይነካ። ስንገጥመው መያዣዋን የሚያስረውን ብሎን ፈታሁና ትንሿ ሞላ ተፈናጥራ ጠፋች። እኔ በጉልበቴ፣ እማዬ በስልኳ መብራት፣ አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ "ወደ ፍሪጁ! ወደ ፍሪጁ!" እያልክ ትዕዛዝ ትሰጣለህ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እማዬ ከገዛ ሹራቧ ላይ ስታገኛት ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ጠመንጃ በመቀመጡ አልተቆጣችም።

ያን ሳምንት ሙሉ በባዶዋ ተለማመድክ። ቀጭ፣ ቀጭ። አንድ ከሰዓት ላይ መለማመድህን አቆምክና አውራ ጣትህን ትኩር ብለህ ስታየው ቆየህ። "ሰኒ፣ አንቺስ በቀኝሽ ስትጽፊ እንዲህ ነበር የሚያደርግሽ? እጅ አልታዘዝ ሲል?" አልከኝ። "ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ" አልኩህ። ዋሸሁህ አባዬ።

አልረሳሁም። ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ስድስት ዓመቴ ላይ፣ የቤት ሥራ ስሠራ ግራ እጄ ላይ ካልሲህን ታጠልቅና አንጓዬ ላይ በላስቲክ ታስረው ነበር፤ እርሳሱን በቀኜ እንድይዝ። ለክፋት እንዳልነበረ ያኔም አውቅ ነበር። ልጄን በግራዋ ስታቀብል ሰው እንዳያሳፍራት፣ አስተማሪ እንዳይቀጣት ብለህ ነው። እዚህ ሰው አገር መጥተን ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ሞልቶ መተኮስ ስታስተምረኝም ጠመንጃዋን ያለምንም ጥያቄ ቀኝ ትከሻዬ ላይ አደረግካት። በቀኝ ዓይኔ ዒላማው ይደበዝዝብኛል። ዒላማውን ስስተው ትሥቃለህ፣ ጋሼ ተፈራም ይሥቃል፣ እኔም እሥቃለሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ስሥቅ ኖርኩ።

ቀኑ ደረሰና ሄድን። መስከረም መጨረሻ፣ ቀለል ያለ ጠዋት። ወንበር ላይ አስቀመጥንህ፣ ጠመንጃዋን መደገፊያው ላይ አሳረፍን፣ ጋሼ ተፈራ ከኋላህ ወንበሩን ይዞ ቆመ። አውራ ጣትህ ራሱ ሄዶ ሴፍቲውን ገፋ። ማንም አልነካልህም። አምስት ጥይት ተኮስክ፣ አምስቱም ዝቅ ብለው መቱ፣ ግን ወረቀቱ ላይ ናቸው። መልሰህ ቆለፍክ፣ ጣትህን ከቃታው አራቅክ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ "ነይ፣ አሁን አንቺ። በግራሽ" አልክ።

በግራዬ ተኮስኩ። መሃል መሃሉን እንዴት እንደመታሁ አንተም ጋሼ ተፈራም አይታችኋል። እሱ በእንግሊዝኛው "ሆሊ!" ብሎ ተገርሞ ራሱን ያዘ። አንተ ግን ዓይንህን ከግራ እጄ ላይ አላነሳህም። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ "ሰኒ" አልክ። "ያኔ እጅሽን... በዚያ ካልሲ... እኔ እኮ..." ምላስህ ከስትሮኩ በኋላ ቶሎ አይታዘዝህም፣ ቃሉን ለማውጣት ትታገል ነበር። እኔ ወዴት ልትሄድ እንደሆነ ገባኝና ክው አልኩ። "ኧረ አባዬ በሞቴ! አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ? ተው፣ እንዲህ አትበል!" አልኩህ፤ እየሣቅኩ፣ በጥድፊያ። "እሺ" አልክና ወደ መስኮቱ ዞርክ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳሁ። ቤት እስክንደርስ ስለ ጥይቶቹ ዝቅ ማለት አወራን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣህም።

ያኔ ያከበርኩህ መስሎኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሊጎነበስ ሲል ሮጠን ቀና እናደርገዋለን፤ ያደግንበት ጨዋነት ነው። አንተን በዚያ ሁኔታ ለማየት ዓይኔ ስላልደፈረ ቀድሜ ቀና አደረግኩህ። አንተ ግን ያን ቃል ለማውጣት አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ሴፍቲው ስትለማመደው ኖረህ ይሆናል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ያ ቀይ መብራት ይመጣብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከጋሼ ተፈራ ጋር ዒላማ መተኮሻው ሄድን፣ እዚያም ሁሉን ነገርኩት። ካልሲውን፣ መኪናውን፣ "ተው" ማለቴን። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "በይ እንግዲያው አትንኪያት" አለኝ በመጨረሻ። ከዚያ በግራዬ አሸነፍኩት፣ ነፋሱን ወቀሰ። ሴፍቲዋ እንደመረጥካት ትቆያለች። ከአውራ ጣቴ ሥር ልክ ትገጥማለች፤ አንተ ለራስህ የመረጥካት ለእኔም ሆነች።

ስለ ቀኝ እጄ ለጠየቅከኝ አሁን መልሴን ስማኝ። አዎ አባዬ፣ ያመኝ ነበር። እጄ ሳይሆን ውስጤ፤ የተፈጠርኩበት ነገር የሚደበቅ መሆኑ። ተናድጄብህም ነበር፣ ለብዙ ዓመት። ያን መናገር አንተን አለመውደድ እየመሰለኝ ስውጠው ኖርኩ፤ ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ ያወቅኩት አንተን ካጣሁ በኋላ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ከልቤ። አንተም ስላቋረጥኩህ ይቅር በለኝ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አስታውስሃለሁ፤ እጄን ያሰርከውንም አባቴን፣ "በግራሽ" ያልከኝንም አባቴን፣ አንዱን ለሌላው ሳልደብቅ።

የጀመርከውን ጨርሰው አባዬ። አላቋርጥህም።

ልጅህ፣
ሰናይት