በጥቁር ልብሴ ጄት ስኪ ላይ የወጣሁ ዕለት

ጌትዬ፣ ውዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የምጽፍልህ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው፤ እግሩ ሥር ካርቶን አጣጥፈህ ያስገባህበት፣ ዛሬም አይነቃነቅም። ልጃችን ማህሌት ያንተን ወንበር ወደ መስኮቱ ወስዳ እዚያ ታጠናለች። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ ትገዛበት የነበረው ሰውዬ ማረፍህን ከሰማ ወዲህ ሲመዝንልኝ እፍኝ ይጨምርልኛል።

ጥቁሬን ግን አላወለቅኩም ነበር። ሙት ዓመትህ ሲያልፍ እትዬ አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር አዲስ ቀሚስ ይዘው መጡ። እንደ ወጋችን ጥቁር የሚያስወልቀው ዘመድ ነው፤ እዚህ ሮም ደግሞ ከእሳቸው የሚቀርብ ዘመድ የለኝም። አብልቼ አጠጥቼ፣ ቀሚሱን መልሼ ሸኘኋቸው። ፈርቼ ነው። ጥቁሩ ከላዬ ከወረደ ያንተ ሚስት መሆኔን የሚናገር ምን ይቀራል ብዬ። ማህሌት «አባቴ ሲሞት እናቴም አብራው ሄደች» ብላ አልቅሳ እንደነገረቻቸው በኋላ ሰማሁ። ያም ሆኖ አላወለቅኩም።

ልጅህ በዚህ በጣሊያን በጋ ፖንዛ ደሴት ላይ ሥራ አገኘች፣ ጄት ስኪ የሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ። ያ ውሃ ላይ የሚጋልበው ሞተር ሳይክል ነው። የባሕሩን ፓቴንቴ፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ተፈትና አውጥታለች። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ በባቡርና በመርከብ አስመጣችኝ።

እኔ ባሕር ስል ሮም አጠገብ ያለችውን ኦስቲያን ነበር የማውቀው፤ አሸዋው ላይ ጫማዬን አላወልቅም ስልህ ትስቅብኝ ነበር። አንተም ብትሆን ውሃ ውስጥ ጀግንነትህ ከጉልበትህ አያልፍም ነበር፣ አልረሳሁትም። እዚያ ወደቡ ላይ ስደርስ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረስኩ ይመስል ጫማዬን አወለቅኩ፣ አማተብኩ፣ ደረጃውን ተሳለምኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። አከራዩ ጣሊያን ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ረጅሙን ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ ከላዩ ቢጫ ላይፍ ጃኬት አጠበቁልኝና ማህሌት ወገብ ላይ ተጣበቅሁ።

ከወደቡ እስክንወጣ ዓይኔን አልገለጥኩም። ስገልጥ፣ ጌትዬ፣ እንዴት ልንገርህ። ነጭ ገደል ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከሥሩ ያለው ውሃ ሰማያዊም ነው አረንጓዴም ነው፣ ስም አላገኘሁለትም። ማዕበሉ እያነሳ ይጥለናል፣ ልጅህ ምንም ሳይመስላት አንድ እጇን ለቅቃ ዋሻውን ታሳየኛለች። ትናንት ጡጦ የያዝኩላት ልጅ መቼ ነው ባሕር ማዘዝ የጀመረችው? ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ ከሮም የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ያን ሁሉ ዓመት የሰው ወለል ስወለውል ኖርኩ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነው። ጌትዬ፣ ጌትዬ እያልኩ እጮሃለሁ። እንዲያ ጮኼ የጠራሁህ በቀብርህ ዕለት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን እየሳቅሁ ነው። ማህሌት የፈራሁ መስሏት ሞተሩን አጠፋችና ዞረች። ፊቴን አይታ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ባሕሩ ጸጥ ብሎ፣ ከሥራችን ያለው ድንጋይ ሁሉ ወለል ብሎ እየታየ፣ ተቃቅፈን ተቀመጥን። አጠገባችን ነበርክ፣ ይህን በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ። አንተን ያመጣልኝ ልብሴ እንዳልሆነም ያኔ ገባኝ።

ማደሪያችን ስንደርስ ቀሚሱ ጨው ጠጥቶ ላዬ ላይ ደርቋል። ማህሌትን ነይ አውልቂልኝ አልኳት። የጀርባውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታች። የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ወገቡ ጠቦኛል፣ ታውቀኛለህ።

አልረሳህም፣ ጌትዬ። ስምህን ግን ከእንግዲህ ለልቅሶ ብቻ አላውለውም፤ ደስ ሲለኝም እጠራሃለሁ፣ ልመደው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርህ ድረስ እመጣለሁ፣ በሰማያዊው ቀሚስ። ከሩቅ ስታየኝ ይህች ማን ናት እንዳትል። ሚስትህ ነኝ።