የከብቶቼን ቁጥር በአደባባይ የተናገርኩበት ቀን

ውድ ልጄ ሴጋሜትሲ፣

ስልክ ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ በአክስትሽ በኩል እንዲደርስሽ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ጠላፊዎቹ አንቺ የሠራሽውን የኢንተርኔት የከብት ጨረታችንን ቆልፈው ገንዘብ በጠየቁ ማግስት ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ፍራንሲስታውን ከተማ ሄድሽ። የገቡት ባንቺ የይለፍ ቃል እንደሆነ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በከብቶቻችን ጎን የምንተኩሰውን ምልክት የይለፍ ቃል ማድረግ፣ ለዚያውም የላሞቹ ፎቶ ለገዢ ሁሉ በሚታይበት ገጽ ላይ፣ ሞኝነት ነው። አላባብልሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሌላ መልእክት መጣ። ካልከፈላችሁ የእያንዳንዱን ሻጭ የከብት ብዛት በየስሙ እናወጣለን ይላል። የከብት ሻጮች ማኅበራችን የተሸበረው ያኔ ነው። እዚህ ሰውን ስንት ከብት አለህ ብሎ መጠየቅ ኪሱን ከመፈተሽ አይተናነስም። አንዱ አማቾቹን ፈራ፣ ሌላው ወንድሞቹን። ሊቀመንበሩ ራ ቲባሎ ከፍለን እንገላገል፣ ጨረታውንም ለዘለዓለም እንዝጋው አለ። ስንት ዓመት የደከምሽበት ሥራ ሊቀበር ነበር።

ረቡዕ ሁሉም ወንበሩን ይዞ በመንደሩ መሰብሰቢያ፣ ኮትላው ላይ፣ ተሰበሰበ። ተራዬን ሳልጠብቅ ተነሣሁ።

"ሌባው የሚሸጥልን የራሳችንን ምስጢር ነው። የእኔን እኔው በነጻ እነግራችኋለሁ። አሥራ አንድ ከብት አለኝ።"

ስድሳ ይመስላቸው ነበር፤ እኔም አርሜያቸው አላውቅም። ቀድሞ የሳቀው ራ ቲባሎ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ በአሥራ አንድ ከብት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ስትቆጣን የኖርከው?"

"አንድም ብትሆን እቆጣችኋለሁ። አሁን ያንተን ንገረን።"

ተነሥቶ ቁጥሩን ተናገረ። ከገመትነው በላይ ነበር፤ ወንድሙ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠው። ከዚያ ባልቴቷ ማ ዲኬሌዲ፣ "ሦስት፤ አንዷም አንካሳ ናት፤ ሊሰርቁኝ ያሰቡ በአንካሳዋ ይጀምሩ" አለችና ሰዉ ሳቀ። ሁሉም አልተናገረም። ክፈሉ የሚል ግን ጠፋ። ለጠላፊዎቹ አንዲት ፑላ እንዳትሰጥ ተወሰነ።

ቅዳሜ በረቱ ውስጥ እንደ ድሮው በድምፄ አጫርታለሁ። ገጹን ደግሞ በእጅሽ ካስቀረሽው ቅጂ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ከከተማ ባለሙያ እናስመጣ ያሉ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ።

ዓርብ ተሳፈሪ። ይተቹሻል። እኔንም ገበያ ስወጣ "አሥራ አንዱ መጣ" ይሉኛል፤ አንገቴን ሳልደፋ አልፋለሁ፤ አንቺም ታልፊያለሽ። ቅዳሜ አጠገቤ ቆመሽ ምን እንዳጠፋሽ በራስሽ አፍ ለሰዉ ትነግሪያለሽ፤ ከዚያ ሥራሽን ትቀጥያለሽ።

ሳትመጪ ጨረታውን አልከፍትም። ከብቱ ፀሐይ ላይ ይቁም፣ ገዢውም ያጉረምርም። እኔም እዚያው እቆማለሁ።

አባትሽ
ኬትሎጌትስዌ